ሰርዶ ሳጠጣ

ባለቤቴ ከማረፉ በፊት ጎሮ ባለው ግቢያችን የኮክ ችግኝ ተክሎ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሲቀንስ ወጥቼ ሳየው ዙሪያው በለምለም ሣር ተሸፍኗል። አረንጓዴ ማየቱ ደስ ብሎኝ ጠዋት ጠዋት አጠጣው ጀመር። ሣሩ እየወፈረ ሲሄድ የችግኙ ቅጠል ግን ቢጫ ሆነ። እሱ የተከለው በእኔ እጅ ሊሞት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

የወሎዋ ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ አይታኝ ሳቀች።

«አንቺ፣ ሰርዶ ነው እንዴ የምታጠጪው? ወላሂ፣ በይ ላምም ግዢለት!»

ወዲያው መኮትኮቻ አንስቼ ከታተፍኩት። ዝናብ ሲጥል ግን ከየቁራጩ አዲስ ሰርዶ በቀለ። ጎረቤቴ ይህን ስታይ አልሳቀችም፤ በሩን ከፍታ ገባችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። አፈሩን በጣታችን እያላላን፣ ነጩን ሥር እንዳይበጠስ ቀስ ብለን እየተከተልን እስከ ቀትር ለቀምነው። የነቀልነውንም ፀሐይ እንዲያደርቀው ሲሚንቶው ላይ አሰጣነው።

ሰርዶው ዛሬም ብቅ ማለቱን አልተወም። ብቅ ባለ ቁጥር ልነቅለው እወጣለሁ፤ ከቤት መውጣት የለመድኩትም በእሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ኮኩ ጫፍ ላይ ሁለት ትናንሽ ቅጠሎች አየሁና ጎረቤቴን ጮክ ብዬ ጠራኋት።