ክር የበላው አሻራ

ቋጠሮ ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ፋብሪካው ነው። ክር ሲበጠስ እኔና እናንተ ጫፉን ፈልገን እስክናገኝ፣ እሷ ቋጥራ፣ ማሽኗን አስነስታ፣ የጎረቤቷን ሐሜት እስከ መጨረሻው ሰምታለች። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ታላቅ እህቷ ክር መጠምጠሚያው ክፍል አስገባቻት፤ ከገባች ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሞላት።

አንድ ቀን አንዲት ባልደረባዋ በወለደች በዐሥረኛው ቀን «ካልመጣሽ ቦታሽ የለም» ተብላ መጣችና ማሽኑ ሥር ተዘርራ ወደቀች። ቋጠሮ አነሳቻት። በዚያው ሳምንት የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም ብላ አርባ ሁለት ሰው አሳመነች፤ ከራሷ ጋር አርባ ሦስት።

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በወሩ መጨረሻ አርባ ሦስታችሁንም አባርራለሁ ብሎ ዛተ። ማኅበሩ እስከዚያ ከተመዘገበ ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ ካልተመዘገበ ግን ሁሉም ይባረራሉ። «የዚህ ሁሉ ሰው ጉሮሮ በእኔ እጅ ነው» እያለች ቋጠሮ ለምዝገባው የሁሉንም ፊርማ ልታሰባስብ ተነሳች።

ከመካከላቸው መጻፍ የሚችለው አንድ ግራኝ መካኒክ ብቻ ነበር። እሱ ፈረመ፤ አርባ ሁለቱ ሴቶች አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ቋጠሮ ወረቀቱን ይዛ ማኅበር የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት፣ መዝጋቢው ዘንድ ሄደች።

መዝጋቢው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። «እናቴ፣ ይሄ አሻራ አይደለም። የቀለም ጠብታ ነው።»

«ኧረ ጣታችን ነው!»

«መስመር የለውማ! የማንም ሊሆን ይችላል።»

ቋጠሮ አውራ ጣቷን አየችና ክው አለች። ለካ ክሩ ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ጣት ላይ ሲሮጥ ፈጣሪ የጻፈውን ሙልጭ አድርጎ በልቶታል! የሁሉም እንዲሁ። እኔ ይህን ስሰማ እጄን በአፌ ጫንኩ። ሰው በሥራው ይበላል ሲባል እንጂ ሥራ ሰውን እንዲህ ሲበላ ሰምቼ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለችው።

«በገዛ እጃቸው ስማቸውን ይጻፉ።»

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» እያለች ተመለሰች።

በየማሽኑ ክዳን ላይ የጥጥ ብናኝ ይተኛል፤ ጠዋት ቢጠርጉት ለምሳ ሰዓት ተመልሶ ይሞላል። እሱ ሰሌዳ ሆነ። መካኒኩ ማሽን ዘይት የሚያጠጣ መስሎ ያልፍና የእያንዳንዷን ስም በብናኙ ላይ ይጽፍላታል። እሷም ከሥሩ በጣቷ ትደግማለች። አለቃው ብቅ ሲል፣ እፍ! ስም የለ፣ ትምህርት የለ።

«አባትሽ አጠር ያለ ስም ቢኖራቸው ምን ነበረበት?» ይላታል መካኒኩ ቋጠሮን።

«ቁመትህ ማጠሩ ሳያንስ ትዕግሥትህም አጠረ?» ትለዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ሁሉም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሥራ እንደወጡ ተከትለዋት ሄዱና የመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እሷ ገባች።

መዝጋቢው አየት አደረገና ወረቀቱን ገፋው። «ሊያታልሉኝ ነው? ይሄን ሁሉ የጻፈው አንድ ሰው ነው።»

እውነትም ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁሉም ልክ እንደ ግራኙ ጽሕፈት ወደ ግራ ተጋድሟል። ተማሪ አስተማሪውን እንደሚመስል ማን አስቦት! ቋጠሮ ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ቢሮው ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ከዚያ ተናደደች፤ እሷ ስትናደድ ደግሞ አያድርስ ነው።

በሩን ከፍታ «ግቡ!» ብላ ጮኸች። «እዚሁ ዐይኑ እያየ ጻፉለት!»

አንድ በአንድ ጻፉ። የተበጠሰ ክር በቅጽበት የሚቋጥሩት እጆች ለአንዲት ፊደል ላብ በላብ ሆኑ። አንዷ ስክሪብቶውን ተጭና ወረቀቱን ቀደደችው፤ እንደገና ጻፈች። ቋጠሮ ግድግዳው ሥር ቆማ እነዚህን ሃያ ዓመት የምታውቃቸውን ሴቶች ገና ዛሬ ያየቻቸው ያህል ተገረመች። «ጌታዬ፣ እነዚህን ነው እንዴ ሳላውቃቸው የኖርኩት?» አለች በልቧ። ዘበኛው ሊዘጋ ሲመጣ መዝጋቢው በእጁ ምልክት መለሰው።

ቋጠሮ ራሷ ከጻፈች በኋላ በመጨረሻ የሁሉም ታላቅ የሆኑት አሮጊት ጻፉ። ጨርሰው ግን አልሄዱም።

«እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ» አሉት።

መዝጋቢው ስማቸውን ከነአባታቸው ጮክ ብሎ አነበበው።

«እኔ ነኝ!» አሉ አሮጊቷ፣ ደረታቸውን ይዘው። «አቤት!»

ይህን ጊዜ ጽፈው የጨረሱት ሁሉ ተመልሰው ተሰለፉ። የእኔንም፣ የእኔንም! መዝጋቢው ከወንበሩ ተነሳ። የአርባ ሁለቱንም ስም ቆሞ አነበበ፤ እያንዳንዷም «አቤት» አለች። ማኅተሙን የመታው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔም አልተቀመጠም።