የውሃ አባቱን ያወረደው ምርጫ

ወልድያ፣ ማክሰኞ ንጋት

ከወልድያ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። መኪናዋ ውስጥ አራት ነን። ሹፌራችን ይማም፣ ስለ ሁለት ፓርቲ ሥርዓት ላሊበላ ላይ ሊያሠለጥኑ የሚሄዱት ዶክተር፣ አንድ ወጣት የዞን ካድሬ፣ እና ጋዜጣ ላይ እንድጽፍ የተጋበዝኩት እኔ። አበሌን ተቀብያለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማፌዘው ሁሉ እኔንም ይጨምራል።

የድልብን አቀበት ስንያያዘው ዶክተሩ ሥልጠናቸውን እኛ ላይ መለማመድ ጀመሩ። አገሪቱ የፓርቲ መዓት ወርዶባታል አሉ። ሁለት ጠንካራ ፓርቲ ብቻ ቢኖር አንዱ ይገዛል፣ ሌላው ይቆጣጠራል፣ በየአምስት ዓመቱ ይፈራረቃሉ። ካድሬው በትሕትና ፈገግ ብሎ አረማቸው። ለእኛ የሚበጀን አውራ ፓርቲ ነው፤ ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ።

«አንተስ ይማም፣ ስንት ፓርቲ ይበጀናል ትላለህ?» አልኩት።

በመስታወቱ ካድሬውን ሰረቅ አድርጎ አየና መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ ገደል ዳር ነኝ፣ አያናግሩኝ» አለ።

በዚያ ሥልጠና ሰሞን ስለ አገራችን ፖለቲካ ከሰማሁት ሁሉ እውነቱ ይኸው ነበር።

ጋሸና፣ ሦስት ሰዓት

ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ጋቢ የተከናነቡ ገበሬዎች ገብስ የጫኑ አህዮቻቸውን ወደ ገበያ ይነዳሉ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ አንድ ሳህን አምስት ብር። የሻይ ቤቷ ባለቤት ዶክተሩ ድንቹን በማንኪያ ሲልጡ አይታ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚህ እስከ ላሊበላ ኮረኮንች ነው። መስኮት ብትከፍት አቧራ፣ ብትዘጋ የዶክተሩ ንግግር።

ላሊበላ፣ ረቡዕ

ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ ነው። የቀበሌ ሊቃነ መናብርትና የአንድ ለአምስት ጠርናፊዎች ፊት ፊቱን ይዘዋል። አንድ ከተቃዋሚ የመጣ ሰውዬ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ያሉትን ወንበሮች ማንም አልደፈራቸውም፣ ሰዉ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል እንጂ። ዶክተሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሣሉ፤ በመሃላቸው ቀስት አመላለሱ። ተሠልጣኙ በሙሉ ቀስቱን ደብተሩ ላይ ገለበጠ።

ከሰዓት በኋላ ካድሬው ተነሣ። ነገ በተግባር እናሳያችኋለን አለ። ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለች መንደር ገበሬዎች የመስኖ ውሃ ኃላፊ ይመርጣሉ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው።

«ሁለት!» አሉ ዶክተሩ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው።

ከነአኩቶ ለአብ በታች፣ ሐሙስ

መንደሩ ቀድሞም ኃላፊ ነበረው። አያ ሞላ ይባላሉ፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ረጅም፣ መቋሚያቸውን እንደ ካህን የሚይዙ ገበሬ ናቸው። ሰዉ «የውሃ አባት» ይላቸዋል። ከምንጩ የሚወርደውን ቦይ ለየማሳው በተራ የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። እንዴት እንደተመረጡ ጠየቅኳቸው።

«ምን ምርጫ አለው፣ የኔ ጌታ! የውሃ አባት የሚሆን ማሳው ከቦዩ ግርጌ ያለ ሰው ነው። እኔ ዘንድ ውሃ የሚደርሰው ላይኞቹ ሁሉ አጠጥተው ሲያበቁ ነው። አንዱ ተራ ቢሰርቅ ቀድሞ የሚደርቀው የኔ ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ልተኛ?»

«እርስዎ ቢያጠፉስ?»

«የሚካኤል ማኅበር ላይ ቆሜ እወቀሳለሁ። ከግርጌው ሌላ ሰው ይተካኛል።»

ኧረ ጉድ! እኛ አዲስ አበባ ላይ በየአዳራሹ የሥልጣን ልጓም ፍለጋ ስንባዝን፣ እነዚህ ሰዎች ሥልጣኑን ውሃ መጨረሻ ለሚደርሰው ሰው ሰጥተው አርፈዋል። ለዶክተሩ ሮጬ ነገርኳቸው። «ባህላዊ ነው፤ ውድድር የለበትም» አሉኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ካድሬውማ «ኋላ ቀር አሠራር» ብሎ አሳጠረው።

ሁለቱ ዕጩዎች ሞዴል አርሶ አደሮች ናቸው። የሁለቱም ማሳ ከቦዩ ራስ፣ ከምንጩ ሥር ነው። አያ ሞላ እጃቸውን አወጡ።

«ሁለቱም የላይ ሰዎች ናቸው። የግርጌው ነጭ ሽንኩርት ገና ሁለት ውሃ ይቀረዋል። ያን ካላገኘ ራስ አይቋጥርም። እኛ አሥር አባወራ ከዚያ በቀር የምንሸጠው የለንም።»

«አባት፣ አስተያየትዎ ተይዟል» አለ ካድሬው።

ስብሰባ የለመደ ሰው ያውቀዋል፤ የተያዘ አስተያየት እንደ ተቀበረ ነው።

ወረቀት ታደለ፤ አንድ የብስኩት ካርቶን ዛፍ ሥር ተቀምጦ የድምፅ ሣጥን ሆነ። ላይኞቹ ብዙ ናቸው፣ የግርጌዎቹ ጥቂት። አንደኛው አሸነፈ። ተሸናፊው የአሸናፊውን እጅ ጨብጦ «እቆጣጠረዋለሁ» ሲል ዶክተሩ እንባቸው ቀረረ። ከዚያ አንድ ወረቀት እኔ ፊት ቀረበ፤ «ታዛቢ» ይላል፣ «ምንም ጉድለት አልታየም» ይላል። ውሸት ፈልጌ አጣሁበት። የተደበቀ ወረቀት የለም፣ የተመታ ሰው የለም። ፈረምኩ።

ወልድያ፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው ወልድያ ገብቼ ነው። ዶክተሩና ካድሬው ከምርጫው ማግስት ተመለሱ፤ እኔ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ልጽፍ ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት ይማም ሊወስደኝ ሲመጣ መንደሯ በኩል እንለፍ አልኩት። ማየት አማረኝ፤ ለጽሑፌ ማሳመሪያ እፈልግ ነበር።

ከላይ ያሉት ማሳዎች ጥቁር አፈራቸው በውሃ ይብለጨለጫል። አሸናፊው ቦዩን ወደ ራሱ ጠልፎታል፤ ሲበቃው ለተሸናፊው ይለቅለታል። ተቆጣጣሪው ማሳው ከራሰ በኋላ ድምፁ አልተሰማም አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ቦዩን ተከትዬ ወረድኩ። መሃል ላይ ጭቃ ሆነ፣ ቀጥሎ የተሰነጠቀ አፈር።

አያ ሞላ ነጭ ሽንኩርታቸውን እየነቀሉ ነው። ቅጠሉ ጫፉ ተቃጥሏል፤ ሥሩ ላይ ያለው ከጣት አይወፍርም።

«ለምን ይነቅሉታል፣ አያ? ገና ነው እኮ።»

«ከነጭራሹ ሳይደርቅ ቅጠሉን እንኳ እንብላው ብዬ ነው።»

«ለወረዳ አቤት አላሉም?»

«ብያለሁ እንጂ። ወረቀት አወጡልኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ ታዛቢ ምንም ጉድለት አላየም፣ ፈርሟል አሉኝ።» ቀና አሉ። «ያ ሰው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩ። አፈርኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎንበስ ብለው አንድ ሌላ ነቀሉና አፈሩን አራገፉ።

«እውነትዎን ነው የፈረሙት» አሉ። «እርስዎ ያዩት ምርጫውን ነው። ማሳዬን መቼ አዩት?»

ካርቶኑ ከተቀመጠበት ዛፍ እስከ አያ ሞላ ማሳ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ያን ሐሙስ ፀሐዩ ከረር ብሎብኝ አልወረድኩም።