ከውጭ የሚቀረቀር በር

ግንበኛው ስለ ሰፈሩ ሲጠየቅ ዕድሜውን ሙሉ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ «አያቶቻችን ይህ ገደል አፋፍ ላይ የወጡት ከባሪያ ፈንጋይ ሸሽተው ነው።» ይህን የነገረው አባቱ ነው፤ ድንጋይ መጥረብ ያስተማረውም እሱው። የአባቱ ቃል ለእሱ ቱንቢ ነበር፤ ተጠራጥሮት አያውቅም።

ከገደሉ ሥር ያሉትም ረግረጉ ውስጥ የገቡት ፈንጋይ ሸሽተው ነው፤ ፈረስ ጭቃ አይደፍርም ብለው ለወባ እጃቸውን ሰጡ። ግንበኛው ከእነሱ ልጅ ሲያገባ አባቱ «እግሬን አሞኛል» ብሎ ከሰርጉ ቀረ። በማግስቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ታየ። ሰው ሳቀ፤ ሙሽራውም አብሮ ሳቀ።

አባቱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት አያቶቹ ተሸሸጉበት የሚባለው የቤተሰቡ አሮጌ ጎተራ ግድግዳው አበጠ። ግንበኛው ልስኑን ሲያራግፍ ከበሩ መቃን ጎን፣ በስተውጭ፣ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘ። ትይዩውም ሌላ አለ። በር የሚቀረቀርበት የመወርወሪያ እንጨት ቦታ ነው። ስንት በር ገጥሟል! ሰው የሚሸሸግበት ቤት የሚቀረቀረው ከውስጥ ነው። ገብቶ የግድግዳውን ግርጌ ሲመታው ደግሞ ስድስት የብረት ቀለበቶች በተርታ ወጡ። የከብት ነው እንዳይል፣ በሩ እንኳን በሬ ጥጃም አያሳልፍም።

የልስኑን ስባሪ አነሳ። ጠርዙ በግራ አውራ ጣት ተጠርጓል። አባቱ ግራኝ ነበር።

የአባቱ ታላቅ እህት ዘንድ ሄደ።

«አክስቴ፣ እኛ የሸሸነው ከማን ነው?»

«ማን ሸሸ?» አሉ አሮጊቷ። «የእኛ ሰዎች ከዚህ ሆነው ቁልቁል ያያሉ፤ ጭስ የወጣበትን መንደር ለፈንጋዮቹ ይጠቁማሉ። የተያዘው እዚያ ጎተራ ውስጥ ያድራል። አፋፉንና ምንጩን ያገኘነው በዚህ ነው።»

«አባቴስ ያውቅ ነበር?»

«የለሰነው ማን ሆነና? አንተ ከታች ሚስት ልታመጣ ሽር ጉድ ስትል ነው።»

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ጠየቃት።

«እናቴ ስትድረኝ እዚያ ጎተራ እንዳትገቢ ብላኛለች» አለችው። «ታች የማያውቅ የለም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልሽ?»

«አባቴ አባቴ ስትል እየሰማሁ ምን ብዬ ልጀምረው?»

ያንን ተረት ለገዛ ልጆቹ፣ እሷ እየሰማች፣ ስንቴ አውርቶታል።

ወንድሞቹ ኖራ ጭነው መጡ። «የሞተን አባት ስም አታጉድፍ፤ መልሰህ ልሰነው» አሉት። እንቢ አለ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩትም። የታቹ ሰዎች ሁለት ሦስት እየሆኑ መጡ፤ ቀለበቶቹን በእጃቸው ነካክተው፣ እሱንም ሳያናግሩ ወረዱ።

ለአባቱ መቃብር ብሎ የጠረበው ድንጋይ ዛሬም ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ዶሮዎች ይወጡበታል።