ሃያ ሦስት ባቄላ ለሚያለቅሰው

ስልኬ ሲጠራ ደባርቅ ውስጥ ኪዳን አስደርሼ የቤተ ክርስቲያኑን በር እየተሳለምኩ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። የደወለው ጎንደር ያለው አስተባባሪያችን ነው። ሰላምታዬን እንኳ ሳያስጨርሰኝ፣ "አንቺ፣ እናቶቹን ምን ብትያቸው ነው? ሥልጠናሽን ሃያ ሦስቱ ጠልተውታል" አለኝ።

አሁን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ጠዋት ግን አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የተወለድኩት ይርጋለም ነው። በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቀጥሬ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ያኔ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራዬ እናቶችን ስለ ሕፃናት አመጋገብ ማሠልጠን ነው። ከዳባት ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ጤና ኬላው ውስጥ ሃያ አራት እናቶችን ሦስት ቀን አሠለጠንኩ።

ሥልጠና ሲያልቅ ግምገማ አለ። አብዛኞቹ ፊደል ስላልቆጠሩ ቅጽ ማስሞላት አይሆንም። በአፍ ብጠይቃቸው ደግሞ መልሱን አውቀዋለሁ፤ የአገሩ ሰው እንግዳን መርቆ ነው የሚሸኝ፣ ጉድለቱን አይነግረውም። ስለዚህ ሦስት ባዶ ቆርቆሮ አዘጋጀሁ። ባንዱ ላይ የሚስቅ ፊት፣ ባንዱ ዝም ያለ፣ ባንዱ እንባው የሚወርድ ፊት ሥዬ ለጠፍኩ። ለእያንዳንዷ እናት አንዳንድ ባቄላ ሰጠሁ። ዝናብ ሊመጣ ስለነበር በጥድፊያ "ልባችሁ ወዳዘዛችሁ ጨምሩ" አልኩና፣ እንዳያፍሩኝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። አሠልጣኝ ቆጠራውን አይነካም፤ ደንብ ነው። ቆርቆሮዎቹን አሽጌ በመኪና ጎንደር ላክሁ።

ውጤቱ ይኸው፦ የሚያለቅሰው ውስጥ ሃያ ሦስት፣ ዝም ያለው ውስጥ አንድ፣ የሚስቀው ባዶ። አስተባባሪው በሳምንት ውስጥ ምክንያቱን ካላመጣሁ ለሌሎቹ ቀበሌዎች የታሰበው ሥልጠና እንደሚቀር ነገረኝ። እሱ ከቀረ የእኔም ውል ያበቃል። እኔን ግን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ስንለያይ አቅፈው ስመውኛል። ምን ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ እዚያው ቀበሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ቆርቆሮዎቹን አስመልሼ ይዣቸው ነበር። ደረደርኳቸውና ምን እንደበደልኳቸው ጠየቅሁ።

እርስ በርስ ተያዩ። ሁልጊዜ ፊት የምትቀመጠው ጥሩወርቅ የምትባል የአምስት ልጆች እናት፣ የሚያለቅሰውን አነሳችና አገላብጣ አየችው።

"እታለም፣ ሕፃን ሲርበው ፈጥናችሁ አብሉት ስትይን ሰነበትሽ። የሚያለቅሰውን ትተን ለሚስቀው እንስጥ? እሱማ ጠግቧል።"

ሥዕሌን አየሁት። ክብ ጭንቅላት፣ ሁለት ጸጉር። ቁርጥ ሕፃን!

ሌላዋ ደግሞ፣ "እኛስ የከበደን ጥሬ ባቄላ ለሕፃን መስጠቱ ነበር" ብላ ሁላችንንም በሳቅ ገደለችን። እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ሳቁ አፋቸውን ፈታው። ቁጭ ብለን ሥልጠናውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አነሳን ጣልን። ስናገር ዝናብ የሚያባርረኝ እመስላለሁ አሉኝ። ካሮት ያልኳቸው እነሱ ዘንድ አይገኝም። ከሁሉ የከበደው ግን የጥሩወርቅ ጥያቄ ነው።

"ሕፃን አይጾምም ብለሽናል፣ ቄሱም ይህንኑ ብለውናል። እሺ፣ በጾም ቅቤውንና እንቁላሉን በየትኛው ድስት እንሥራው?"

ጾም የማልስት ሴት ነኝ። የራሴንም ድስት በቅቤ አላስነካም። ይህ ግን አንድ ቀን በሐሳቤ አልመጣም። መፍትሔውን ያገኙት እነሱው ናቸው፤ የልጁ ብቻ የሆነች ትንሽ ሸክላ ለብቻዋ ትቀመጥ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥልጠና የምጀምረው በዚያች ሸክላ ነው። ግምገማዬም በባቄላ ሳይሆን ቁጭ ብሎ በመነጋገር ሆነ፤ ከወር በኋላም ተመልሼ ቤታቸው ድረስ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ያቺን አንዲት ባቄላ ማን ጨመረቻት ብዬ ስጠይቅ ግን የመለሰልኝ አልነበረም። ካፊያው ሲጀምር ሁሉም ነጠላውን ተከናንቦ ተነሣ። ያኔ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

"የባሰበትስ ዝም ያለው ነው። ማልቀሻ አቅም ያጣ ልጅ ድምፅ የለውም።"

ዞር ስል ሁሉም ተከናንቧል። የማን ድምፅ እንደሆነ አልለየሁትም።

አስተባባሪው ታሪኩን ስነግረው ስልኩ ላይ ሳቁን መግታት አቃተው፤ ትምህርቱማ ገብቷቸዋል አለ። ሥልጠናው ቀጠለ፣ እኔም እስከ ዛሬ እዚሁ ነኝ። በየደረስኩበት የማያለቅሰውን ልጅ ቀድማችሁ እዩት እላለሁ። ይህን ሰምተው ዝምተኛ ልጃቸውን አዝለው ወደ ጤና ጣቢያ የሮጡ እናቶች አሉ።

በዚያ እሑድ ከዛፉ ሥር የነበራችሁ እናቶች፣ ይህን የሚያነብላችሁ ሰው ካገኛችሁ፣ ያቺ ሴት ማን እንደነበረች ላኩብኝ። ለገበያ ደባርቅ በሚወጣ ሰው አፍ ይድረሰኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቃሏን "አንዲት እናት" እያልኩ አስተምሬበታለሁ። ስሟን ስትልኩልኝ የክርስትና ስሟንም ጨምሩበት፤ በጸሎት ላስባት እፈልጋለሁ።