ኑግ የተቀባው ጎማ

ጎረቤቴ ብስክሌት ያከራያል። ትናንት ቅባት አልቆበት ኖሮ ከሚስቱ ጓዳ የኑግ ዘይት አምጥቶ የጎማውን ሽቦዎች ሲቀባ፣ ሽታው በአጥሩ ዘልቆ መጣና ከተቀመጥኩበት አስነሣኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ለመነሣት ብዙ ምክንያት የለኝም። «ኧረ ተው ልጄ፣ ኑግ ይደርቃል!» ብዬ ጮኽኩ። ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል።

አባቴ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ጣልያን ከተማውን እንደያዘ አንድ መኮንን ከነመዶሻው ወስዶ የመኪናው ተንከባካቢ አደረገው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ የሌላት፣ እንደ በርበሬ የቀላች መኪና ነበረች። ጎማዎቿ እንደ ጭነት መኪናው ድፍን ብረት ሳይሆኑ በቀጫጭን ሽቦ የተወጠሩ ስለነበሩ የጎጃም ኮረኮንች ሁልጊዜ ያላላቸዋል። አባቴ ማለዳ ተንበርክኮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በማንኪያ እጀታ እየመታ ያዳምጥ ነበር፤ የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ይታፈናል፣ ካላጠበቁትም ጭነቱን ለጎረቤቱ ሽቦ ጥሎ እሱንም ያሰብረዋል። እኔን ሴት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ «ይኼስ?» ይለኛል፤ ስሳሳት ይስቃል። የጠላት መኪና መሆኑን በዚያች ሰዓት ሁለታችንም እንረሳው ነበር።

ጎማው የሚሰካው ጥርሳም ዘንግ ላይ ነው፤ ዘንጉ ቅባት ካላገኘ ይነክሳል፣ ጎማውም አልወልቅ ይላል። ለዚህ ብሎ መኮንኑ በቆርቆሮ ነጭ ቅባት ሰጥቶት ነበር። ገበያው ደግሞ የዓሣማ ስብ ነው ብሎ አወራ። ሁዳዴ ሲገባ አባቴ ቆርቆሮውን ከደነው። እናቴ፣ ነገር ማቅለል የምታውቅበት ሴት፣ «ይቀቡት ነው የተባሉ፣ ይብሉት መች ተባሉ?» አለችው። «በዚያው እጄ ላማትብ?» አላትና ከጓዳ የኑግ ዘይት ወስዶ ቀባው። ኑግ ለወጥ እንጂ ለብረት እንዳልሆነ፣ ፀሐይና አቧራ ሲያገኘው እንደ ሙጫ እንደሚደርቅ አላወቀም።

ፋሲካ ሳይደርስ መኮንኑ የጨሞጋን ወንዝ ተሻግሮ ሲሄድ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። ሊያወልቀው መዶሻ ቢያወርድበትም ንቅንቅ አላለም፤ እዚያው ሲታገል አርበኞች ደረሱበትና ገደሉት።

አባቴን በማግስቱ ጣልያኖቹ ወሰዱት። ጎማውን ምን እንዳደረገው ሲጠይቁት እውነቱን ተናገረ፤ ጾም ስለሆነ ኑግ ቀባሁት አለ። አስተርጓሚው «ጎማ ደግሞ ምን ጾም አለው?» ብሎ እንደሳቀ፣ እዚያ ቆሞ የሰማ ሰው ለእናቴ ነግሯታል። ገበያው መሃል ሰቀሉት። እናቴ እንዳላይ ነጠላዋን ፊቴ ላይ ጣለችብኝ፤ ነጠላው ግን ስስ ነበር።

ጣልያን ከወጣ ወዲህ በየድል በዓሉ፣ ጎማውን ቆልፎ ጠላትን ያስገደለ አርበኛ እየተባለ ስሙ ይጠራል፤ ሰዎች መጥተው ትከሻዬን ይስማሉ። እናቴ አንድም ቀን አላስተባበለችም፣ እኔም በሕይወት ሳለች ዝምታዋን አላፈረስኩባትም። አሁን ያን የማንኪያ ድምፅ የሰማ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እኔ ስሞት አርበኛው ይቀራል፣ አባቴ ግን ከእኔ ጋር ያልቃል፤ ይህ ያንገበግበኛል። ያን ጎማ እኮ ይወደው ነበር።