ማሽላ መጋዘኔ ውስጥ የሰማሁት ጭብጨባ

ረቡዕ፣ ጥር መግቢያ፣ ቆቦ። ጠዋት የገባ፦ ማሽላ ዘጠኝ ኩንታል፣ ጤፍ አራት። የወጣ የለም።

ከዚህ ሌላ ዛሬ የምጽፈው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ከቀትር በኋላ ግን...

ሱቄ ውስጥ እንደተቀመጥኩ መብራት ጠፋ። የጎረቤቱ ወፍጮ ዝም አለ። ወፍጮው ዝም ሲል ከጓሮ፣ ከመጋዘኔ በኩል ጭብጨባ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም። ሰርግ ላይ የሚሰማው ዓይነት፣ ደመቅ ያለ ነው።

ዘበኛዬ አያ ሰይድ የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

«ከድጃ፣ የመጋዘኑን ጥግ ለአንድ ሽማግሌ ነው የሰጠሁት አላልሽኝም?»

«ለአንድ ነው።»

«እንግዲያው ሰርግ ደግሷል። ያውም እኔን ሳይጠራ።»

ሽማግሌው መላኩ ይባላል። የቆቦ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በጭነት መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ሆቴል ቤት ቤዝ ጊታር ሲጫወት ኖረ። ፈንክ ነው የሚሉት፤ ዘፋኙ ኋላ ቀርቶ ቤዙ ፊት ፊት የሚሄድበት ሙዚቃ። በኋላ አቀናባሪ ሆኖ ለሌሎች ካሴት አዘጋጀ። አምና እናቱ ሞታ ቤቱ ባዶ ሲሆን ተመልሶ መጣ።

መጋዘኔን የፈለገው ለእህሉ ነው። ኅዳር ላይ መጥቶ ጆንያዎቹ መካከል ቆመና አንድ ጊዜ አጨበጨበ። አዳመጠ። አይጥ የሚያባርር መስሎኝ ነበር።

«እህሉ ድምፁን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም» አለኝ። «እንዲህ ያለ ክፍል ለማሠራት ስንት ዘመን ደክሜያለሁ።»

ማሽላው እስኪሸጥ ድረስ ብቻ ብዬ ጥግ ሰጠሁት። ላፕቶፑንና ማይኩን ይዞ ገባ። በቆቦ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው እሱ ብቻ ነው፤ ወፍጮው ሲቆም ጠብቆ በባትሪ ይቀርጻል።

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ውስጥ ከመላኩ በቀር ሰው የለም። አንድ ትንሽ ስፒከር ጆንያ ላይ ተቀምጦ የሕዝብ ጭብጨባ ያሰማል። መላኩ ስፒከሩን አጠፋና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ማይኩ ፊት ቆመ፤ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሸሸት ብሎ አጨበጨበ። ከዚያ ተንበርክኮ...

«አያ መላኩ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደንገጥ ብሎ ማዳመጫውን አወረደ። «ሰው እያበዛሁ ነው፣ እታለም።»

«ለምን ሰው አይጠሩም?»

«የምጠራው ስም አለቀብኝ። ከበሮ መቺያችን ካረፈ ቆየ። ጥሩምባ የሚነፋልን አለ፤ ስደውልለት ግን ማን እንደሆንኩ ይጠፋዋል። እዚህ ደግሞ እናቴን እንጂ እኔን የሚያውቅ የለም።»

ንግድ ስጀምር መናኸሪያው በር ላይ ካሴት እሸጥ ነበር። እሱ ያቀናበራቸውም ነበሩባቸው። ፊት ለፊት የዘፋኙ ፎቶ፣ የእሱ ስም ግን ውስጥ በትንንሽ ፊደል። ገልጦ የሚያነብ ደንበኛ አልገጠመኝም።

«ይሄኛው በራሴ ስም የሚወጣ ነው» አለ። «የመጀመሪያው። ቤዙም፣ ከበሮውም፣ ኦርጋኑም አልቋል። የቀረው ጭብጨባው ነው። ነገ ጠዋት መኪናሽ እህሉን ሲጭን ግን ክፍሉ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ይጮህብኛል።»

የቀረጸውን ጭብጨባ መልሶ ከፈተልኝ። «ምን ይመስላል? እውነቱን ንገሪኝ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ከውጭ ሰርግ ነበር። ከቅርብ ሲሰማ ግን አንድ ነገር ጎደለው። ሙዚቃ አላውቅም፤ እህል ግን አውቃለሁ። ከአንድ ገበሬ የመጣ ማሽላና ከገበያ የተለቃቀመ፣ መዳፍ ላይ ሲያደርጉት ይለያል።

«አያ መላኩ፣ ይሄ ከአንድ ማሳ የወጣ ነው። ገበያ አይመስልም።»

ስፒከሩን አጠፋ። የተቀየመኝ መሰለኝ።

«ልክ ነሽ» አለ። «ሰው ሲበዛ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ጭራሽ ይስታል። የሚያምረው እሱ ነው። እኔ ራሴን መቅደም አልቻልኩም። ልሳሳት ብል እንኳ ሁሉም እኩል ይሳሳታል።» ጆንያዎቹን አየ። «አንድ ቀን ብቻ ጨምሪልኝ?»

«እህሉ ተሸጧል። ገዢው ደሴ ላይ ይጠብቀኛል።»

«አውቃለሁ። ጠየቅሁ እንጂ።»

አልለመነኝም። ቢለምነኝ ይቀለኝ ነበር፤ ለሚለምን ሰው እምቢ ማለት ለምጄዋለሁ።

ማዳመጫውን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ቤዙ ደረቴ ውስጥ ገባ። ማይኩ ፊት ቆሜ አጨበጨብኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያጨበጨብኩት ትንሿን ልጄን ስድር ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የራሴ ቁልፍ ድምፅ ብቻ ነው።

አብረን አዳመጥነው።

«አሁን ሁለት ማሳ ሆነ» አለና ፈገግ አለ። ሁለት ሰው ግን ሰርግ አይሞላም። እሱም ያውቃል።

መብራት መጣ። ወፍጮው ማጓራት ጀመረ። መላኩ የማይኩን ገመድ መጠቅለል ያዘ።

ስወጣ አያ ሰይድ «ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አንድ» አልኩት። ሳቁን አቆመ።

ነገ ማሽላውን የሚጭኑት ጫኝ አውራጆች የመጋዘኑ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። አንዱ የሌላውን አፍ እየቀማ፣ አንዱ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እየሳቀ። ቆሜ ትንሽ ሰማኋቸው።

ነገ፦ በማለዳ ለሹፌሩ መደወል፤ መኪናው ከቀትር በኋላ ይምጣ። ጫኝ አውራጆቹ ግን በተባለው ሰዓት፣ ጠዋት ወፍጮው ሳይነሳ ወደ መላኩ ይግቡ።