ለኳስ የተነፋ የዕድር ጡሩምባ

የመካኒሳው ምትኩ ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱ ሰው ሲሞት የዕድሩን ጡሩምባ ይዞ በየመንደሩ እየዞረ መንፋት ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ቴዎ ፀጉር ቤት በር ላይ ተቀምጦ ስለ ኳስ መጨቃጨቅ። በመሀል ልብስ ይሰፋል ይባላል። ለፋሲካ ብለው የሰጡት ሱሪ ግን ለመስቀል ነው የሚደርሰው። ሚስቱ ኤሌኒ ራሷ ናት «የስፌት መኪናው ላይ ዶሮዬ እንቁላል ጥላ ታውቃለች» እያለች ለጎረቤት የምታወራው። ዶሮዋስ እውነቷን ነው፣ ከዚያ የተሻለ ጸጥ ያለ ቦታ ከየት ታገኛለች?

በጡሩምባው ግን ማንም አያማውም ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በውርጭ ተነስቶ ነፍቷል። የዕድሩ ደንብ እንዲህ ነው፦ አንዴ አጠር አድርጎ ከነፋ ስብሰባ ነው። ረዘም አድርጎ ሦስት ጊዜ ከነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ያኔ ሴቱ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ወንዱ ድንኳን ሊያወጣ ይሮጣል። ስብሰባ ቢጠራም የሚመጣ ሰው ስለሌለ አጭሩን ከነፋ ዓመታት አልፈዋል። ትንፋሹ የሚያውቀው ረጅሙን ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር። የሰፈሩ ቡድን ነጎድጓድ ይባላል፤ ስሙ ነው እንጂ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም። ሦስት በረኞች ነበሩት፦ ሮበሌ፣ ሚሳኤልና ከበበው። አሰልጣኙ ማንም እንዳይቀየመው ተራ በተራ ያሰልፋቸዋል። ቴዎ በር ላይ ጭቅጭቁ ሁሉ ይኸው ነው።

«በረኛ እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ተራ አይገባለትም!» ይላል ምትኩ። «አንዱን ይዞ መሰንበት ነው።»

«የትኛውን?» አለ ቴዎ፣ ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ ሳያነሳ።

«ሚሳኤልን።»

«ሚሳኤል እኮ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል።»

«ይጨፍና! ቁመት አለው። እሱ ባያያት እሷ መጥታ ትመታዋለች።»

ጎረቤቱ ባለሱቁ አናስ ሚዛኑን ትቶ ብቅ አለ። «ወላሂ ምትኩ፣ አንተ የምትፈልገው ግንብ ነው፣ በረኛ አይደለም።»

«ግንብ ቢሆን ከሮበሌ ይሻላል!»

ሮበሌ የዋቅቶላ ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ከሦስቱ በረኞች የሚሻለው እሱ ነበር፣ ምትኩም ልቡ ያውቃል። ግን አባቱ ዋቅቶላ ከሰኔ ጀምሮ አልጋ ላይ ውሎ ነበርና ልጁ ሌሊቱን ሲያገላብጠው እያደረ፣ ቀን ሜዳ ላይ ይፈዛል። በብስራተ ገብርኤል ልጆች አራት ገባበት። ከዚያ ወዲህ የላፍቶ ልጆች ሰው ላኩ። «ሮበሌን ስጡንና ግራኙን ውሰዱ» አሉ። ግራኙ አጥቂያቸው ነው፤ ስሙን የሚጠራው የለም፣ በግራ እግሩ ስለሚመታ ግራኙ ብቻ ነው የሚባለው። ምትኩ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

«ይሂድ! ይለወጥ!» እያለ አንድ ወር ሙሉ ጮኸ። አንድ ቀን ደግሞ አፉ አመለጠው፦ «እሱ ጎሉ ላይ ቆሞ ልቡ እዚያ አልጋው ዘንድ ነው። ሽማግሌው እስኪሞት ድረስ እኛ ስንሸነፍ ልንኖር ነው?»

አናስ አሳለው። ምትኩ ዞር ሲል ሮበሌ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ ኋላው ቆሟል። ሰማ፣ አልሰማ፣ ከፊቱ አይነበብም። ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ ጋሽ ምትኩ» አለና አለፈ። ምትኩ ትንሽ አቀረቀረ። ትንሽ ብቻ። ወዲያው ስለ ግራኙ ቀጠለ።

ቅዳሜ ነጎድጓድ ከላፍቶ ጋር ተጋጠመ። ተራው የሮበሌ ነበር። ምትኩ ያን ቀን የጡሩምባው አፍ ተሰንጥቆበት ብየዳ ቤት አስጠግኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሜዳውን ጩኸት ሰማ። ጡሩምባውን አድርሶ መምጣት ይችል ነበር፤ ቤቱ እኮ ሩቅ አይደለም። ኮቱ ሥር ሸጎጠውና ገባ።

«ደግሞ እሱን ምን ይዘህ መጣህ?» አለው ቴዎ፣ የኮቱን እብጠት እያየ።

«ዝም በል፣ እየሄድኩ ነው።»

አልሄደም። ባዶ ለባዶ እንደሆኑ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ለላፍቶ ሪጎሬ ተሰጠ። ግራኙ ኳሷን አስቀመጠ። ምትኩ «በቃ፣ አበቃልን፣ እኔ አላልኩም?» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ በጣቶቹ መሀል ግን ያያል። ግራኙ መታ። ሮበሌ እንደ ነብር ተወርውሮ ደረቱ ላይ ያዛት!

ያን ጊዜ ሜዳው አበደ። ቴዎ አናስን ተሸከመው። ጣሳ የሚመታው ይመታል፣ ሴቶች በአጥሩ በኩል እልል ይላሉ። ምትኩ እንዴት እንደሆነ አላወቀም፤ እጁ ኮቱ ሥር ገባ፣ ጡሩምባው አፉ ላይ ደረሰ። ነፋ። ሊነፋ ያሰበው ለደስታ ነው። ትንፋሹ ግን በለመደው መንገድ ሄደ፦ ረጅም። ደግሞ ረጅም። ሦስተኛው ሲወጣ እልልታው ቆሞ ነበር። ጣሳውም ቆሞ ነበር።

ሮበሌ ኳሷን እንዳቀፈ ዞረ። ጡሩምባ ነፊው ሜዳ ድረስ መጥቶ ሲነፋ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሜዳ ላይ ላለ ሰው ቤቱ ሞት ገብቷል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ምትኩን ፈልጎ አገኘውና ዓይን ዓይኑን አየው። «አባዬ ነው?» ይል ነበር ዓይኑ። ምትኩ «አይደለም» ማለት ነበረበት። ራሱን መነቅነቅም ይበቃ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እሱን ያያል፤ የሙት ጡሩምባ ለኳስ ነፋሁ ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ይናገር? ያቺን ትንሽ እፍረት ፈርቶ ደርቆ ቀረ።

ሮበሌ ኳሷን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ሮጠ።

ፊሽካ አልተነፋም። ግራኙ ግራ ቀኙን አየና እየተራመደ መጥቶ ባዶው ጎል ውስጥ ገፋ አደረጋት። የላፍቶ ልጆች እንኳ አልጨፈሩም። ነጎድጓድ በዚያ ተሸነፈ።

ምትኩ ከልጁ ኋላ መሮጥ ጀመረ፤ ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ ደርሶ ሊይዘው ነው? ጡሩምባውን ኮቱ ሥር ሊመልሰው ቢሞክር አልገባ አለው። በየበሩ የቆሙት ሁሉ ጡሩምባ ይዞ ሲሮጥ ሲያዩት የባሰ አመኑ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀም የለም። ሁሉም ዋቅቶላን ነበር የሚጠብቀው።

ሲደርስ የዋቅቶላ ደጅ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጎረቤታቸው ትሩፋት መሀል ገብታ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች፦

«ዋርካው ዋቅቶላ ወደቀ ዛሬ፣
የት ይጠለላል ከእንግዲህ ሰፈሬ!»

ባህር ዛፍህ ጣሪያዬን አፈረሰው ብላ ዋቅቶላን ቀበሌ ድረስ የከሰሰችው ይቺው ትሩፋት ናት። ግን ድምፅ አላት፣ ያስለቅሳል።

የዋቅቶላ ሚስት ፀሐይወርቅ ለካ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። በወዲያኛው መንገድ ጀሪካኗን አዝላ ስትመጣ በሯ ላይ ያን ሁሉ ነጠላ አየች። ጀሪካኑ ከጀርባዋ ወደቀ፣ እሷም እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። «ሳልኖር! ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ፣ እጁን ሳልይዝለት!» ትላለች። ሮበሌ የበረኛ ጓንቱን እንዳጠለቀ ተንበርክኮ አቅፏታል። ውሃው በሁለቱም ሥር ይፈሳል። ምትኩ ይህን ቆሞ አየ።

የዕድሩ ዳኛ ግዛው የድንኳን ብረት ካሸከማቸው ሰዎች ጋር ደረሰና በቀጥታ ወደ ምትኩ መጣ። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው አሉ? ካህናቱ ተነግሯቸዋል?»

ምትኩ ጡሩምባውን ወደ ኋላው ደበቀ።

«አንተን እኮ ነው!»

ያኔ ከቤቱ ውስጥ፣ ከመስኮቱ በኩል፣ የደከመ ድምፅ መጣ። «ፀሐይ! ኧረ ፀሐይ! ማን ነው የሞተው? ኮቴን አቀብይኝ፣ እኔም ልድረስ እንጂ!»

ትሩፋት አፏን እንደከፈተች ቀረች። አንዷ አማተበች። ፀሐይወርቅ ከልጇ ክንድ አመለጠችና ወደ ውስጥ በረረች፣ ሮበሌም ተከተላት። ደጁ ላይ የቀረው ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ምትኩ ዞረ።

«ለማን ነው የነፋኸው?» አለ ግዛው።

«ለ…» አለ ምትኩ። ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። «ለኳሱ ነው። ሪጎሬ ይዞ…»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁበት ምን ነበረበት! ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአጠገቡ አለፉ። ትሩፋት ብቻ ቆም አለችና «እንባዬን መልስልኝ» አለችው። የድንኳኑ ብረት እየተንኳኳ ወደመጣበት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ምትኩ ከቤቱ አልወጣም። ጡሩምባውን ለግዛው ቢልክለት ግዛው መልሶ ላከው፤ «በውርጭ ማን ሊነሳልኝ ነው?» ብሎ። ምትኩ መኪናው ላይ ተደፍቶ ይሰፋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ሱሪ በቀኑ ደረሰ። ኤሌኒ ሦስት ቀን ታገሰችው። በአራተኛው ቀን ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠችና፦

«እስከ መቼ ነው? ድንጋይ ተሸክመህ ሂድና እግሩ ላይ ውደቅ።»

«ምን ብዬ?»

«ምንም አትበል። አፍህ እስከዛሬ የተናገረው ይበቃዋል።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግዛውንና አናስን አማላጅ ይዞ፣ ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ዋቅቶላ ቤት ገባና ጎንበስ አለ። ዋቅቶላ ትራሱን ተደግፎ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።

«አውርደው ወዲያ! ድንጋዩ ምን አጠፋ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ዋቅቶላ።»

«የሞት ለቅሶዬን በጆሮዬ ሰማሁ። ስንቱ ሰው ይሄ ይደርሰዋል? ከዚያን ቀን ወዲህ እህል እየገባልኝ ነው፣ ጠይቃት። ደግሞ ትሩፋት! ትሩፋት እኮ ዋርካ አለችኝ!»

ግዛው ሳቀ፣ አናስ ሳቀ፣ ፀሐይወርቅ እንኳ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች። «ተነስ ይልቅ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። ምትኩ ብቻ አልሳቀም። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። እነሱ ይቅር ያሉት ያወቁትን ነው። ሮበሌ ሜዳ ላይ የጠየቀበትን ያቺን ዓይን አላወቋትም።

ሮበሌ እስከ በሩ ሸኘው።

«ጋሽ ምትኩ፣ ሜዳው ላይ አይቼዎት ነበር።»

«አዎ።»

«አባዬ ነው ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«አዎ ልጄ።»

«ራስዎን ቢነቀንቁልኝ ይበቃኝ ነበር። ያንን ሁሉ መንገድ አባቴ ሞቷል እያልኩ ነው የሮጥኩት።»

ምትኩ የአጥሩን ሽቦ ይዞ ቆመ። ልጁ አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ብቻ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ቴዎ ቤት ያሉትንም ሰምቻለሁ። እሱን የኳስ ወሬ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ላፍቶ ግን ልሄድ ነው። እዚህ ጎል ላይ ስቆም ከእንግዲህ ኳሷን አይደለም የማየው፣ እርስዎ የት እንደቆሙ ነው።»

በነጋታው ምትኩ ቴዎ ዘንድ ሄዶ ልውውጡ ይቅር አለ። ሮበሌ አይሂድ አለ። ቴዎ መቀሱን አስቀመጠና በሳቅ ሞተ።

«አንድ ወር ሙሉ ጆሯችንን የበላኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«ለምን? ምን አዲስ ነገር መጣ?»

ምን አዲስ ነገር እንደመጣ ሊናገር ነበር። የደንበኞቹን ፊት አየና ተወው። «እንዲያው ነው» አለ። ሮበሌ ሄደ፣ ግራኙ መጣ።

ምትኩ ጡሩምባውን አሁንም ይነፋል። አሁን ግን ሰው ሲሞት ሦስቴ ነፍቶ አያልፍም፤ በየበሩ እየቆመ በአፉም መናገር አለበት። ከየአጥሩ ውስጥ «ምትኩ፣ የእውነት ነው የኳስ?» ይሉታላ። «የእውነት ነው እናቴ» ይላል። ቀጥሎ ባለው በርም ያው ነው።

ግራኙ ለነጎድጓድ በተሰለፈበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ቴዎና አናስ መጥተው ምትኩን ክንድና ክንዱን ይዘው ሜዳ ወሰዱት። ከዚያ ቀን ወዲህ ረግጦት አያውቅም ነበር። ግራኙ ሁለት አገባ። ሁለተኛዋ ስትገባ ሜዳው ተነሳ፣ ቴዎ የምትኩን እጅ ወደ ላይ አንጠልጥሎ ጮኸ፦

«ይኸውላችሁ! አስቀድሞ ያየው ይሄ ሰውዬ ነው! ምትኩ ባይጨቀጭቀን ኖሮ ይሄን ልጅ ከየት እናገኘው ነበር!»

ሰው እየመጣ ጨበጠው። ጀርባውን መቱት፣ አንዱም ግንባሩን ሳመው። ምትኩ እጁን ለዘረጋለት ሁሉ እጁን ሰጠ። ቀና ብሎ ግን የአንዳቸውንም ፊት አላየም።